ዝም ያለው የእትዬ ሰብሌ ጋን

ጠላ ሲፈላ ይናገራል። ይህን የሚያውቀው ጋን አጠገብ ያደገ ሰው ነው። ድፍድፉ ተከድኖ ባደረ ማግስት ጆሮን ከጋኑ ሆድ ላይ ለጠፍ ቢያደርጉት፣ መጀመሪያ አልፎ አልፎ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል። እየቆየ ይደጋገማል። ወደ ማታ ሲሆን ደቃቅ ዝናብ በእንሰት ቅጠል ላይ የሚወርድ ይመስላል። ሆሳዕና ውስጥ ጠላ የምትሸጠው እትዬ ሰብሌ፣ መጠጧ መድረስ አለመድረሱን የምታውቀው በምላሷ ሳይሆን በዚህ ድምፅ ነበር። ከሌሞ እህል ጭነው የሚመጡ ባለጋሪዎች ጆሮዋን ጋኑ ላይ አስደግፋ ሲያገኟት፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ምን አለሽ?» ይሏታል።

«ነገ ኑ አለ» ትላቸዋለች። ወይም፣ «ሰካራም አልወድም፣ ሂዱልኝ አለ።»

ጋኑ የእናቷ ነበር። እናቷ ከጉራጌ አገር በትዳር ወደ ሆሳዕና ስትመጣ የገዛችው ነው፤ አንገቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ቢኖርበትም ሆዱ ደህና ነው። ሰብሌ ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ተክለጊዮርጊስን ያሳደገችው በዚሁ ጋን ነው። ሁሉም ተክሌ የሚለው ይህ ልጅ ዛሬ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ አለው። «እማዬ፣ አሁንስ ይብቃሽ» እያለ ብዙ ጊዜ ለምኗታል። እሷ ግን ደጃፏ ላይ በእንጨት ጫፍ የደፋችውን ጣሳ፣ እዚህ ቤት ጠላ አለ የሚለውን ምልክት፣ አላወረደችም። እስከ ነሐሴ ድረስ።

በነሐሴ ጋኑ ዝም አለ። ሰብሌ እንደ ወትሮው ብቅሉን አስፈጭታ፣ ጌሾውን ወቅጣ ጠነሰሰች፤ ደፈደፈች፤ ከደነች። በማግስቱ ጆሮዋን ብትለጥፍ ምንም የለም። ብርድ ይሆናል ብላ ጋኑን በጋቢ ጠቀለለችው። ከቀናት በኋላ ስትከፍተው ድፍድፉ እንደ ተኛ ነው፤ የሚሸተውም እንደ ረጠበ ዱቄት ነው። ደፍታ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛውም ዝም አለ፤ ጭራሽ ኮመጠጠ።

«እጄ ተለየኝ» አለች ያን ጊዜ።

ይህ ቃል ለጠላ ጠማቂ ከባድ ነው። በዚህ ሥራ ያሉ ሴቶች ተመሳሳይ ገብስና ተመሳሳይ ጌሾ ይዘው የአንዷ ጠላ ሲጣፍጥ የሌላዋ አልሆን ሲል፣ ልዩነቱን የሚያስረዱት «እጅ አላት» እና «እጅ የላትም» ብለው ነው። እጅ የሚሰጥ ነገር ነው፤ የተሰጠ ደግሞ ሊወሰድ ይችላል። ሰብሌ ጣሳዋን ከእንጨቱ አውርዳ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። እንጨቱን ተክሌ ለዶሮ ቤቱ በር መወርወሪያ አደረገው። ባለጋሪዎቹ መጥተው ባዶ ደጃፍ አይተው ተመለሱ። እሷም ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ እየተቀመጠች መዳፏን ገልበጥ እያደረገች ማየት ጀመረች።

የሆነውን አንባቢ ከእሷ ቀድሞ ቢያውቅ ችግር የለውም። የተክሌ ሚስት ጣቢታ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የሀዲያ ልጅ፣ የጴንጤ ልጅ። በዚያው ግቢ ይኖራሉ፤ አማቷን እንደ እናቷ ትወዳለች። የጠላ ቤቱን ደፍ ግን ተሻግራ አታውቅም ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ሰብሌ ቦኖሻ ለቅሶ ሄዳ ስታድር፣ ጣቢታ አንድ መልካም ነገር ላድርግላቸው ብላ ተነሳች። ወደ ጠላ ቤቱ ገባች። ጋኑን ቁልቁል ስታየው ውስጡ ጠቁሯል፤ የሆነ ነገር ተጋግሮበታል። በረኪና ገዝታ አፈሰሰችበት፤ አሳድራ በብሩሽ ፈተገችው፤ አጠበችው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ጋኑ እንደ አዲስ ቀላ። ለማንም አልተናገረችም፤ መልካም ሥራ ሲነገር ይቀላል ብላ ስለምታምን። ሰብሌ ተመልሳ ጋኑን በጨለማው ጠላ ቤት እንደ ልማዷ ደፍታ በወይራ ስታጥነው ፀሐይ የተወው የበረኪና ሽታ ጠፋ፤ ውስጡም በጭሱ መልሶ ጠቆረ። ጣቢታም አማቷ በጋኑ ንጽሕና በልቧ ተደስታለች ብላ ዝም እንዳለች ቀረች።

በመስከረም፣ ሁለቱ በዓላት እንዳለፉ፣ ተክሌ የጓደኛውን ቪትዝ ተውሶ ቤተሰቡን ወደ ዱራሜ ይዞ ወረደ። ከሐምበሪቾ ተራራ ሥር የእንግዳ ማረፊያ ተከራየ። ሐሳቡ እናቱ መዳፏን ማየት እንድታቆም ነበር። ሰባት ዓመት የሞላት ልጁ ማራኪ ከኋላ ወንበር አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ስለ ደረጃው ትጠይቃለች፤ ተራራው እስከ ላይ ድረስ ደረጃ እንደ ተሠራለት ሰምታለችና።

ሐምበሪቾን በመስከረም ያላየ ሰው ሊገምተው አይችልም። ጠዋት ከሥሩ ሆነው ሲያዩት አናቱ የለም፤ ደመናው ቆርጦታል። መውጣት ሲጀምሩ ደመናው ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ፊትዎን ያረጥባል፤ ቀጥሎ ሳያስቡት ከበታችዎ ይሆናል። ሰብሌ ከግማሹ በላይ አልወጣችም። ደረጃው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እግሯ ላይ ጣለች። ደመናው ሲገለጥ ታች ያለው አገር ታያት። ከዱራሜ ጣሪያዎች አልፎ እንሰት፣ ከእንሰቱ አልፎ ገብስ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ወርቅ መምሰል የጀመረ። ነፋስ ሲነካው ማሳው እንዳለ እንደ አንድ ነገር ይተነፍሳል።

ከዚያ፣ «ይህን ሁሉ ገብስ ማን ሊጠምቀው ነው?» አለች።

ተክሌ ይህን ቃል ሲጠብቅ እንደ ነበረ ሰው ተነሳ። «እማዬ፣ የሚጠምቀው ሰው አለ። እዚሁ ከተራራው ሥር። ከሱቄ ዕቃ የሚገዛ ልጅ ነው፤ ራሱ ቢራ ይሠራል። እናትህን አምጣልኝ እያለ መቆሚያ አሳጥቶኛል።»

«እኔን ከየት ያውቀኛል?»

«አልነገረኝም። ሲመጡ እነግራቸዋለሁ ነው የሚለው።»

የቢራ መጥመቂያው ቤት ዱሮ የቡና መጋዘን የነበረ ነው። ጠማቂው አጵሎስ ይባላል፤ የዚያው የከምባታ ልጅ፣ ፂማም፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ። እጁ እርጥብ ስለ ነበረ ክንዱን ዘርግቶ ሰላም አላቸው። ጣቢታ በሩ ላይ ቆማ እንዳመነታች አይቶ፣ «እህቴ፣ አይዞሽ» አላት። «አባቴ ፓስተር ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ‹ልጄ የምግብ ኬሚስት ነው› ነው የሚላቸው። አልዋሸም፣ ግን ከዚያ በላይም አይናገርም።»

ጣቢታ ሳቀች፤ ገባች።

አሁን የሚከተለውን ቀስ ብዬ በቅደም ተከተሉ ብናገር ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰብሌም ያየችው እንደዚያ አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ ያሳያቸው ወለሉ ላይ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ እርጥብ ገብስ ነው። እያንዳንዷ ፍሬ ከሥሯ ነጭ ክር አውጥታለች። ሰብሌ ጎንበስ ብላ ጭብጥ አደረገችና አሸተተችው፤ የዱባ ሽታ ነበረው። ብቅል ነው። እሷ በኮባ ቅጠል ሸፍና የምታበቅለውን እሱ ወለል ላይ ያበቅላል፤ ሌላ ልዩነት የለም።

አጵሎስ ምን እየሆነ እንዳለ አስረዳ። ፍሬዋ ውስጥ ያለው ስታርች ለቡቃያው የተቀመጠ ስንቅ ነው። ቡቃያው ሊበላው ሲነሳ ወደ ስኳር መቀየር ይጀምራል። ጠማቂ በዚያች ሰዓት ያደርቀዋል፤ ስንቁ ተከፍቷል፣ ገና ግን አልተበላም። «የተከፈተ ሞሰብ ነው» አለ።

ቀጥሎ ብቅሉ ተከክቶ በሙቅ ውሃ የሚዘፈዘፍበት ትልቅ ድስት። ክዳኑን ሲያነሳው እንፋሎቱ ሁሉንም ሸፈናቸው። ከሥሩ ባለች ቧንቧ ሞቅ ያለ ቡናማ ጭማቂ በኩባያ ቀድቶ ለጣቢታ ሰጣት። «ይሄ ገና ቢራ አይደለም፣ የገብስ ጭማቂ ነው። ልጅሽም ትጠጣለች።»

ጣቢታ ዓይኗን ጨፍና በሀዲይኛ አጠር ያለ ጸሎት ጸለየች። አጵሎስም ኮፍያውን አውልቆ ጠበቃት። ቀመሰችው፤ ማር ይመስላል። ለማራኪ አሳለፈችላት፤ ኩባያው ከዚያ በኋላ ወደ እናቷ አልተመለሰም።

ከዚያ ጌሾው። እዚህ በጌሾ ቦታ የሚጨምሩት ከውጭ የሚመጣ ሆፕስ የሚባል አበባ ነው፤ መራራ፣ ለማሽተት ግን ደስ የሚል። አጵሎስ በአንዱ ቢራው በሆፕስ ፋንታ የራሳችንን ጌሾ ይጠቀማል። ሰብሌ እስካሁን ሁሉንም እንደ ዘመድ ቤት ዕቃ ስታይ ቆይታ ነበር። ወደ ኋለኛው ክፍል ሲገቡ ግን ቆመች።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ሹል መቀመጫ ያላቸው ከሰው የሚረዝሙ የብረት ጋኖች ተሰልፈዋል፤ ያብለጨልጫሉ። ከእያንዳንዳቸው አናት ቀጭን ቱቦ ወርዶ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ገብቷል። ከባልዲዎቹ ውስጥ ድምፅ ይወጣል። ቡልቅ። ቡልቅ፣ ቡልቅ። የአንዱ ፈጣን ነው፣ የሌላው ዝግ ያለ።

ሰብሌ ከብረቱ ጋን አንዱን በመዳፏ ነካችው። ቀጥሎ ነጠላዋን ከራሷ ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ብረቱ ቀዝቃዛ ስለ ነበረ ትከሻዋ ተንዘፈዘፈ፤ ግን አልተነሳችም።

«ይናገራል» አለች።

«ሁሉም ይናገራሉ፣ እማማ» አለ አጵሎስ።

«የኔው ነው ዝም ያለው።»

ተክሌ ወደ መሬት አየ። አጵሎስም «ኑ፣ ትንሽ እንቅመስ» ብሎ ወደ ደጅ አወጣቸው።

ደጅ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተራራው ፊት ለፊት ነው። አጵሎስ በትንንሽ ብርጭቆ አራት ዓይነት ደረደረ። የስንዴው ቢራ ደፍረስ ያለ ነው፤ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ሁለተኛው ቀይ ነው፣ የተቆላ ገብስ ጣዕም ያለው። ሦስተኛው ጥቁር። ተክሌ ሆሳዕና ከሥራ በኋላ አንድ ጃምቦ ድራፍት ይጠጣል፤ ቢራ ሁሉ አንድ ይመስለው ነበር። አሁን ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ፣ «ይሄኛውስ ከምን የመጣ ነው? ያው ገብስ አይደል?» እያለ ይጠይቃል። ያው ገብስ ነው። የአቆላሉ ልክ፣ የውሃው ሙቀት፣ የእርሾው ዘር ሲለያይ አንድ ማሳ አራት ጣዕም ያወጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተክሌም ብርጭቆውን ወደ ተራራው ብርሃን አንስቶ ያየው ለዚህ ነው።

ሰብሌ ሦስቱን ቀመስ ቀመስ አድርጋ አስቀመጠች። አራተኛውን፣ ጌሾ የገባበትን፣ ስትጎነጭ ብርጭቆው አፏ ላይ ቀረ። እንደገና ጎነጨች።

«ይሄን የት ነው የማውቀው?» አለች።

አጵሎስ ፊቱ በራ። «እማማ፣ እኔን አላስታወሱኝም አይደል? ሆሳዕና ስማር እርስዎ ቤት እመጣ ነበር።»

«የመጣው ሁሉ ከታወሰማ!»

«ጠላ አልገዛም ነበር። አተላ ነበር የምገዛው።»

ሰብሌ አፈጠጠችበት። ከዚያ ጉልበቷን መታች። «ላም የሌለው! ልጆች፣ ይሄን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ አምቶታል። ላም የለውም፣ በግ የለውም፣ አተላ በጠርሙስ ይገዛል። እኔማ ችግር ይዞት ይበላዋል ብዬ እንጀራ ጨምሬለታለሁ።»

«እንጀራውን በልቼዋለሁ። አተላውን ግን አልበላሁትም። ኑ ላሳይዎት።»

ትንሽ ክፍል ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ። ከውስጡ ጣት የምታህል የመስታወት ብልቃጥ አወጣ፤ በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «ሰብሌ» ተብሎ ተጽፏል። ከጌሾው ቢራ ጋን ደግሞ ጠብታ ወስዶ በመስታወት ላይ አደረገና ማይክሮስኮፑን አስተካከለ። ማራኪ ለመቅደም ስትሞክር እናቷ ያዘቻት።

ሰብሌ አንድ ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች። መጀመሪያ የታያት የራሷ ሽፋሽፍት ነው። አጵሎስ ቁልፏን ትንሽ አዞረ። ድንገት ክብ ክብ ነገሮች ታዩ፤ እንደ ውሃ የጠሩ፣ የሽንብራ ቅርጽ ያላቸው፣ ቁጥር የሌላቸው። ይንቀጠቀጣሉ። አንዳንዱ ከጎኑ ትንሽ እብጠት አለው።

«እብጠቱ ልጅ ነው» አለ አጵሎስ ከጎኗ ቆሞ። «ይወልዳሉ። ስኳሩን ይበላሉ፣ አረፋውን ይተነፍሳሉ። የሚሰሙት ድምፅ ትንፋሻቸው ነው። ከእርስዎ አተላ የለየኋቸው ናቸው፤ በብርድ ተኝተው ይቆያሉ፣ ገብስ ሲያገኙ ይነሳሉ። ያ የወደዱት ቢራ የእነሱ ሥራ ነው። ምናልባት የእናትዎ ጋን ውስጥም እነዚሁ ነበሩ።»

ሰብሌ ከማይክሮስኮፑ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ስትነሳ ዓይኗ ረጥቦ ነበር። «ይህን ያህል ሕዝብ ቤቴ ነበረ» አለች በቀስታ። «በየቀኑ ጆሮዬን ስሰጥ፣ ጋኑ ነው የሚናገረው እል ነበር። እንዲህ ያለ ፍጥረት፣ እኔ ሳላየው ቀለብ ስሰፍርለት። አቤት ሥራህ፣ ጌታዬ።» ጥቂት ቆይታ መዳፏን ገለበጠች። «እኔ ጋ ግን አልነሳም አሉ። እጄን ጠልተው ይሆናል።»

«ጋኑን በምን ያጥቡታል?» አለ አጵሎስ።

«በምን ይታጠባል? በግራዋ ቅጠል ነዋ። በወይራ ይታጠናል።»

«ሌላ ነገር አልነካውም? ሳሙና፣ በረኪና? እኛ ብረት ስለሆነ በኬሚካል እናጥባለን፣ ይለቃል። ሸክላ ግን ይጠጣል። የጠጣውን ደግሞ ቶሎ አይተፋም። እነዚህን በረኪና ቢነካቸው አንድም አይተርፍ።»

«በረኪናን ከጋን ጋር ምን አገናኘው» አለች ሰብሌ።

ጣቢታ የማራኪን እጅ ለቀቀች።

«እኔ አገናኘሁት፣ እማዬ» አለች። «ቦኖሻ ሄደው የነበረ ጊዜ። ጠቁሮ ስላየሁት ላስደስትዎት ብዬ ነው። ሁለት ጠርሙስ አፍስሼ አሳደርኩት።»

ተክሌ «ጣቢታ» ብሎ ጀምሮ ተወው። ሰብሌ ምራቷን አየቻት፤ ከዚያ እጆቿን አየች፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

«እጄ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም፣ እማዬ። እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እጄ አልነበረም!» ሰብሌ የጣቢታን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ሳመቻት። ሌላው ነገር ገና ኋላ ነው የታወሳት። «ሁለት ጠርሙስ? አንቺ ልጅ፣ አንሶላ እንኳ እኮ በአንድ ክዳን ነው የሚነጣው። ተክሌ፣ ሚስትህ ያን ሁሉ ፍጥረት በአንድ ሌሊት ጨረሰችው፣ አሁን ደግሞ ቆማ ታለቅሳለች።» ራሷም እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

አጵሎስ በመመለሻቸው ዕለት ከጌሾው ቢራ ጋን ሥር የወሰደውን ወፍራም እርሾ በጠርሙስ ሰጣቸው። ክዳኑን ጥብቅ አድርገው እንዳይዘጉት አስጠነቀቀ፤ የሚተነፍስ ነገር ሲታፈን ጠርሙሱን ይሰብራል። ላላ ሲል ደግሞ ይደፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት። ጣቢታ ማንም ሳይጠይቃት ተቀበለችው። ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ ጠርሙሱን በሻርፕ ጠቅልላ በጉልበቶቿ መካከል ያዘች፤ መኪናው ወደ ግራ ሲያዘነብል እሷ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ከክዳኑ ሥር እስስ የሚል ስስ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰብሌ ከጎኗ ሆና ታዳምጣለች፤ ተክሌ ሬድዮ ሊከፍት ሲል እጁን መታችው።

እርሾውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስተኝተው፣ ጋኑን በውሃ እየሞሉ እየደፉ፣ ፀሐይ እያስመቱ፣ እንደገና እየሞሉ ሰነበቱ። ሰብሌ በየጠዋቱ አፍንጫዋን ታስገባለች፤ ሸክላ ሸክላ ብቻ መሽተት ሲጀምር በግራዋ አጥባ በወይራ አጠነችው። ጠነሰሰች፣ እርሾውን ጨመረች፣ ደፈደፈች፣ ከደነች። በማግስቱ ግን ወደ ጠላ ቤቱ አልገባችም። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቆሻሻ የሌለበትን ጌሾ ትለቅማለች።

ጣቢታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየቻት፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። የጠላ ቤቱን ደፍ ተሻገረች፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከጋኑ ሆድ ላይ ለጠፈች። ቆየች።

«ምን አለሽ?» አለች ሰብሌ ከውጭ፣ ቀና ሳትል።

«ለእኔ በሀዲይኛ ነው የሚያወራው» አለች ጣቢታ ጆሮዋን ሳታነሳ።

«እሺ፣ ምን አለ?»

«ነገ ኑ ብሏል።»

ሰብሌ የጌሾውን ሰፌድ አስቀመጠች። ጣሳውን ከመደርደሪያው አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፤ ከዚያ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄዳ እንጨቷን ከበሩ ላይ ነቀለች። ዶሮዎቹ ግቢውን ሞሉት።